ባዶው በርሜል

ጋራዡ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ክዳኔ» ነው የሚሏት። ስድስት ዓመት ሙሉ «ክዳኑን ግጠም!» እያለች ስትጮህ የወጣላት ስም ነው። ሥራዋ ሌላው የሚጥለውን መጠበቅ ነው። የተቃጠለ ዘይት በአንድ በርሜል፣ የቆሸሸ የቀለም ማቅጠኛ ቲነር በሌላ፣ ከአሮጌ ባትሪ የወጣ አሲድ በወፍራም ጀሪካን፣ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ደግሞ ክዳን ባለው የብረት ሣጥን። ሁሉንም ጓሮ ካለው መጋዘን ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። አንዴ አሲድ በውሃ ጠርሙስ ሲቀዳ ያገኘችውን መካኒክ በጥፊ አጮለችው። ሰውዬው እሷን ሁለት ጊዜ ያክላል፤ ግን ጉንጩን ይዞ ጠርሙሱን አስረከባት።

ከሁሉ የምትፈራው ባዶ በርሜል ነው። ባሏ በያጅ ነበር። ባዶ ነው ብሎ የቲነር በርሜል ለሁለት ሊቆርጥ እሳት አስጠጋ፤ ውስጡ ቀርቶ የነበረው ትነት ፈነዳ። ሬሳውን ያመጡት ሰዎች «አይዞሽ፣ ምንም አላመመውም» አሏት። ማጽናናታቸው ነበር። እሷ ግን ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ትጠላታለች። ሰው ሳያመው የሚሞተው ምን ቢደርስበት ነው?

ክፋቱ፣ ታናሽ ወንድሟም በያጅ ሆነ። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም። እሱ በሚሠራበት በዚሁ ጋራዥ የተቀጠረችውም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ከዓይኗ እንዳይርቅ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጋራዡን ባለቤት የመኪና ማጠቢያ ገንዳ አማረው። ባዶ የቲነር በርሜል ለሁለት ቢቆረጥ ሁለት ገንዳ ይወጣዋል።

«ቁልፉን አምጪ» አላት።

«በቁሜ አይሆንም።»

ባለቤቱ ሳቀ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ! ባዶ እኮ ነው፣ ሴትዮ።»

ወንድሟ በሰው ፊት አፈረ። «እታለም፣ አታዋርጂኝ። አሽትቼዋለሁ፤ ምንም የለውም።»

«ባሌም አሽትቶት ነበር» አለችው።

አልሰማትም። መዶሻ አነሣና የመጋዘኑን ቁልፍ ሰበረ፤ በርሜሉን እያንከባለለ አወጣው፤ ከሚሠራበት የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን አወረደ። ለመነችው፣ በእናታቸው አጥንት ገዘተችው፣ ሰደበችው። እሱ ግን የጋዝ መቁረጫውን ለኮሰ። ምላስ አጥንት ይሰብራል ይባላል፤ የእሷ ግን ያን ቀን አቃተው። የጎማ መፈልቀቂያውን ብረት በሁለት እጇ አንሥታ ክንዱ ላይ አሳረፈችው። ሲሰበር ጋራዡ ሁሉ ሰማ።

ወንድሟ እንደ በሬ አገሳ። መቁረጫው ከቀኝ እጁ ወደቀ፤ በግራ ቡጢው አፏን አላት። ሁለት ጥርሷ ረገፈ። ስትወድቅ ደግሞ በጫማው ሆዷን ረገጣት።

«ገደልሽኝ! የገዛ እህቴ!»

መካኒኮቹ ሊገላግሉ ሲሮጡ፣ እሷ ከወደቀችበት ሌላ ነገር አየች። መቁረጫው አልጠፋም፤ በርሜሉ ሥር ገብቶ እሳቱ ብረቱን ይልሳል። «ሽሹ!» ብላ ጮኸች። ተነሥታ ወንድሟን በተሰበረው ክንዱ ጨምድዳ ጎተተችው። እየጮኸ ተከተላት፤ በዚያ ክንድ ተይዞ የማይከተል ሰው የለም። ከቆመው የጭነት መኪና ጎማ ጀርባ ጣለችውና ላዩ ላይ ወደቀችበት።

በርሜሉ ፈነዳ። ጣሪያው ተገነጠለ፤ መስታወት እንደ ዝናብ ወረደ። የበርሜሉ አናት እየተሽከረከረ መጥቶ ወንድሟ ተቀምጦበት የነበረውን ዱካ ለሁለት ሰነጠቀውና ግድግዳው ላይ ተሰካ።

ጭሱ ገለጥ ሲል መጀመሪያ አፉን የከፈተው ባለቤቱ ነው። «አንቺ ነሽ! ባትመቺው እሳቱ ይወድቅ ነበር? ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!» አፈር ይብላ። አፉን የሚከፍትበት እስትንፋስ የቀረለት በማን እንደሆነ እንኳ አላሰበም።

እሷ ጀርባዋን ሰጠችው። ሽርጧን ቀድዳ፣ የወንድሟን ክንድ በእንጨት ደግፋ ታስርለት ጀመር። ወንድሟ የተሰነጠቀውን ዱካ ትኩር ብሎ ያያል።

«እታለም፣ አመመኝ» አለ፤ ልጅ ሳለ እንደሚላት።

ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከአፏ ደም እየወረደ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«እሰይ» አለችው። «እሰይ፣ ይመምህ።»