እትዬ ማንኪያና የገበያ ልማቱ ኃላፊ

እትዬ ማንኪያን ያልናቀ የቢሮ ሰው የለም፤ እሷም ንቀቱን ከነወለዱ ስትመልስ ኖራለች።

ከየቤቱ የተጣለ ጠርሙስና ብርጭቆ በሚራገፍበት ግቢ ከስድስት ሰዎች ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ስሙን ያወጡላት ስባሪውን ሁሉ በማንኪያ ጀርባ መታ መታ እያደረገች በድምፁ ስለምትለይ ነው። የተራ ጠርሙስ ድምፅ ሌላ፣ እሳት የማይበግረው የመጋገሪያ ሳህን ድምፅ ሌላ። ከዚህኛው አንዲት ቁራጭ፣ ስባሪውን በሚገዛቸው የጠርሙስ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ከገባች አትቀልጥም፤ ስንቱን አዲስ ጠርሙስ ታበላሻለች። የግቢውን ብቸኛ ገዢ ያመጣችውም እሷው ናት፤ የምድጃውን አለቃ አንድ ክረምት ሙሉ ደጅ ጠንታ፣ ጆንያ እያስፈተሸች።

ከዚያ የገበያ ልማት ኃላፊ ተሾመባቸው። ክራባቱ ከእውቀቱ የሚረዝም ልጅ እግር ነው። በየስብሰባው የመንገድ ንጣፍ ሠሪውን፣ የግድግዳ ጌጥ ነጋዴውን፣ የውጭ አገር ገዢውን ሁሉ ግድግዳ ላይ በምስል ያሳያል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አንድም ቀን በሩን ያንኳኳ ገዢ አልታየም።

የማንኪያዋን ኳኳታ የሰማ ዕለት ሰው ፊት ሳቀባት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ቁርስሽን ነው እንዴ የምትበዪው?"

ወዲያው መፍጫ አስመጣና ሥራው እንዲፋጠን ሁሉም ሳይለይ ይፈጭ ብሎ አዘዘ። ከተፈጨ በኋላ የቱ ምን እንደነበረ ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ነገረችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እቅዱ ላይ መፍጨት ከመለየት በፊት ተጽፏል።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የመጀመሪያው ጭነት ከፋብሪካው ተመለሰ። አለቃው አንድ ዕድል ብቻ ሰጠ፤ ሁለተኛውም ከተበላሸ ከግቢው ጋር መቆራረጡ ነው። ያ ከሆነ ሰባቱም ሠራተኞች ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት ነው።

ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ያንኑ የተፈጨ ክምር መልሶ አስጭኗል። አብራው ሄዳ የለየሁት እኔ ነኝ እንድትል ነው ልመናው።

"እናቴ፣ እርስዎን ያምናሉ። አንድ ቃል ብቻ።"

እናቱ የሆነችው ያን ቀን ነው። ዝም ብላ መኪናው ላይ ወጣች፤ እሱም ደስ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ዝምታን ሁሉ እሺታ ያደርገዋል።

ፋብሪካው በር ላይ ሽማግሌው አለቃ ጭነቱን እንኳ አላየም፤ እሷን ነው ያየው።

"የአንቺ እጅ ነው?"

"አይደለም ጋሼ። እንዳያስገቡት።"

መኪናው ዞረ። ኃላፊው ገበያችንን ዘጋች ብሎ የዚያኑ ዕለት አባረራት።

በሳምንቱ ከየጎረቤቱ የለቀመችውን አንድ ጆንያ ስባሪ በጀርባዋ ተሸክማ ፋብሪካው በር ላይ ቆመች። አለቃው ጆንያውን ሳይፈታ ሚዛን ላይ አወጣው።

"እነዚያ ስድስቱስ ምን ሆኑ?" ሲል ጠየቃት።

"ከነጆንያቸው ውጭ ቆመዋል" አለችው።