የአምስተኛው ክፍል ተራ

በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የዘገየ በረራ ስጠብቅ፣ መንገደኛ የምትመዘግበው ወጣት ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ብቻዋን ስትስቅ ሰማሁ። ቀና ስትል የያዘችው መጽሐፍ ሽፋን ታየኝ፤ የተደፋ ድስት ላይ ተቀምጦ ሰማይ ሰማይ የሚያይ አስማተኛ። በዘገባ ሥራ ብዙ ነገር አይቻለሁና በቀላሉ አልደነግጥም፤ ያን ጊዜ ግን ቦርሳዬን አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ትቼ ተነሣሁ።

ጋምቤላ ክልል መባል በጀመረችባቸው ዓመታት፣ የመሥሪያ ቤቶቹ አዲስ ሰሌዳ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ወደ ደጋ የተዛወረ የእንግሊዝኛ መምህራችን ይህንኑ ልብወለድ ትቶልን ሄደ። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ብዙ ስለነበር የክፍሌ ልጅና የቅርብ ጓደኛዬ ኦሞድ በምላጭ አምስት ቦታ ከፈለው፤ እኔ ከማዳበሪያ ከረጢት በተተረተረ ክር ክፍሎቹን ሰፋሁና በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተራ መዝጋቢ ሆንኩ። መጨረሻውን ቀድሞ ያወራ ከዝርዝሩ እንዲሰረዝ ደንቡን ያወጣው ኦሞድ ነው። እኔን ደግሞ «ዘበኛው» ይለኝ ነበር።

የአስማተኛው ጣጣ አስማቱ ሁልጊዜ አንድ ቀን ዘግይቶ መድረሱ ነው፤ ለደረቀ ማሳ የለመነው ዝናብ በማግሥቱ የንጉሡ ልጅ ሠርግ ላይ ይወርዳል። ባሮ ዳር ከማንጎው ሥር ተቀምጠን ኦሞድ እንግሊዝኛውን እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልስልናል፣ አማርኛው ሲያጥረው በአኙዋ ይሞላዋል፣ ስለዚህ ሳቁ መጀመሪያ ከአኙዋ ልጆች ይነሣና ለኛ ለደገኞቹ ትንሽ ዘግይቶ፣ ልክ እንደ አስማቱ ይደርሰናል። ከዚያ በኋላ ፈተና የወደቀውም፣ የላከው ደብዳቤ መልስ ያጣውም «ነገ ይደርሳል» ይባላል። ደራሲውን ጋምቤላ ተወልዶ ያደገ ነው ብሎ የሚከራከርም ነበረን።

አምስተኛው ክፍል እጄ ላይ እያለ የኦሞድ አባት ለሥራ ጆር ወረዳ ተመደቡ። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይዘጋ በማግሥቱ ጠዋት በጭነት መኪና ሊሄዱ ነው። ከኔ ቀጥሎ ባለተራው ኦሞድ ነበርና በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣ፤ ክፍሉን አንድ ምሽት ብቻ እንድሰጠው፣ ጨርሶ ጠዋት ከመኪናው ላይ እንደሚወረውርልኝ ነገረኝ። እኔ እንዳያልቅብኝ በቀን ሁለት ሁለት ቅጠል ብቻ እየቆነጠርኩ ነበር የማነበው። አቦቦ ለሄደ ልጅ አውሼዋለሁ አልኩት። ክፍሉ ከተቀመጥኩበት ፍራሽ ሥር ነበር።

ደብተርህን አሳየኝ አላለኝም። ያለ ማስረጃ ያመነኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ጠዋት መኪናው ሲነሣ ከዕቃው ላይ ሆኖ፣ «ዘበኛው፣ ተራዬን ጠብቅ እሺ! ነገ ይደርሳል» አለኝ። የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የቀሩኝን ጥቂት ቅጠሎች ልጨርስ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እሱ ያንብብና አነባለሁ ብዬ ተውኩት። መንገዱ በበጋ ሲከፈት ክፍሉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ጆር ለሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጠሁት። ከሳምንት በኋላ ጥቅሉ ሳይፈታ፣ እኔ ባሰርኩት ቋጠሮ እንደታሰረ መለሰልኝ። ኦሞድን በክረምቱ ወባ ገድሎታል፤ ወደ ሐኪም የሚወስድ መንገድ አልነበረም።

በሥራ ዘመኔ ስህተት ባተምኩ ቁጥር በማግሥቱ ማረሚያ አውጥቻለሁ። ለዚያ ውሸት ማረሚያ የማወጣበት ቦታ የለም። ማንጎው ተቆርጧል፣ አንባቢዎቹም በየፊናቸው ተበትነዋል፣ አብረን የሳቅንበት ቋንቋ ግማሹ ከኦሞድ ጋር ሄዷል። እጄ ላይ የቀረው ያልተፈታ ጥቅል ነው።

ወጣቷ መጽሐፉን ማወቄን ስነግራት ፊቷ በራ።

«ጋሼ፣ መጨረሻውንስ እንዴት አዩት? አስማተኛው እኮ...»

«እንዳትነግሪኝ፤ አልጨረስኩትም» አልኳት። «ከኔ በፊት ተራ የያዘ ሰው አለ።»

አብሮኝ የሚጓዝ ሰው ያለ መስሏት ወደ ተነሣሁበት ቦታ አየች። ወንበሩ ላይ ቦርሳዬ ብቻ ነበር።