የቢቸናው መብራት ባለቤት፣ ጋሽ አስማረ

ኧረ ተዉኝ እናንተ! ጋሽ አስማረ ሞቱ ነው የምትሉኝ? የዛሬ ሳምንት ደውለው «ዘሙ፣ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ስትመጪ ያዥልኝ» ያሉኝ ሰውዬ?

ጠዋት ልጃቸው ሰብለ ስትደውል ስለ አምፖሉ መስሎኝ «ገዝቼዋለሁ በያቸው» ብዬ ጀመርኩ። እሷ ለካ ታለቅሳለች።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ አስማረ ቢቸና ማደያ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነዳጅ ሲቀዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የድሮው የነዳጅ መቅጃ ማሽን አናቱ ላይ ክብ መብራት ነበረው። የመብራቱ ሁለት ፊት እንደ ትሪ የሰፋ፣ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ወፍራም መስታወት ነው፤ የኩባንያው አርማ በቀይ ተስሎበታል። ማሽኑ ተነቅሎ አዲስ ሲተከል ሰው ሁሉ ብረቱን ሲሻማ፣ እሳቸው ሁለቱን መስታወቶች ለምነው ወሰዱ። «አስማረ ጡረታ ሲወጣ አእምሮውም አብሮ ወጣ» ተባለ። ወሬኛ ምን ሥራ አለው!

እኔ ሞጣ መስታወት ቆራጭና ፍሬም ሠሪ ነኝ፤ መቼም የማያውቀኝ የለም። አንድ ቀን በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ሱቄ ገቡ። ከቢቸና ሞጣ፣ በዚያ ፒስታ መንገድ፣ ጭናቸው ላይ አድርገው!

«አልተሰበረም?» ስላቸው «አውቶብሱ ሲነጥር እኔ ነጠርኩ እንጂ እነሱን አላስነጠርኩም» አሉ።

ፍሬም ላስገባልዎትና ግድግዳ ላይ ይስቀሏቸው አልኳቸው። ተቆጡ።

«ዘሙ፣ ይሄ ፎቶ አይደለም፣ መብራት ነው! መሃሉ አምፖል ይግባና እንደ ድሮው አንዱ ፊት ወደ ሞጣ፣ አንዱ ፊት ወደ ደጀን ይመልከት። ከየትም የሚመጣ ሾፌር ቢቸና ደረስኩ ይበል። ይቺን ሳላይ አልሞትም!»

በያጅ ዘንድ ሄደን ላሜራ እንደ ከበሮ አስጠቀለልን። መስታወቱን ብረት እንዳይነካው አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በቀጭኑ ቆርጠው ዙሪያውን በገዛ እጃቸው አለበሱት። ብሎኖቹንም በጣታቸው ብቻ አዞሯቸው። መፍቻ ላቀብል ስል እጄን መቱኝ።

«መስታወት አይታሰርም፣ ይታቀፋል!»

ይቺን ቃል ስንቴ እንደሰማኋት እኔና አላህ ነን የምናውቀው።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ከእኔ ሱቅ የወጣ መስታወት ወድቆ አያውቅም፤ በጣት የተያዘ ነገርማ አላስወጣም አልኩ። ጾም ስለነበር ቅዳሴ ሊያደርሱ እስኪሄዱ ጠብቄ፣ የአንዱን ፊት ብሎኖች በመፍቻ ጥርቅም አደረግኳቸው። ሁለተኛው ጋ ሳልደርስ መጡብኝ። መፍቻውን ከኋላዬ ደበቅኩ። ነቅነቅ አድርገው «ጠንክሯል፣ ተባረኪ» ብለው ይዘው ሄዱ።

አሁን ሳቁ። በእኛ አገር ደጅህ ላይ እንጨት ተክለህ ጫፉ ላይ ጣሳ ከደፋህ፣ ጠላ አለ ማለት ነው። ጋሽ አስማረ ደግሞ ረጅም ባሕር ዛፍ አቁመው መብራታቸውን ጫፉ ላይ ሰቀሉት! በገበያው ቀን ባለቤታቸው እትዬ የሺ ከጓዳ ብቅ ቢሉ፣ ስድስት ገበያተኛ አግዳሚው ላይ ተደርድሯል።

«ጠላ አምጪልን እናቴ!»

«የምን ጠላ?»

«ይኸው ምልክት ሰቅላችሁ የለም እንዴ!»

ጋሽ አስማረ መጡና «ጠላም የለም፣ ቤንዚንም የለም። መብራቱን አይታችሁ ሂዱ» አሏቸው። እትዬ የሺ ግን ደጄ የደረሰ እንግዳ እንዴት ጉሮሮው ደርቆ ይመለሳል ብለው ከጎረቤት አምጥተው አጠጧቸው። «በስተርጅና ኮማሪት አደረገኝ!» እያሉ ዓመቱን ሙሉ ወረዱባቸው።

ቀስ በቀስ ሰው ለመደው። ሚኒባስ ውስጥ «መብራቱ ጋ ወራጅ አለ!» ይባል ጀመር። እኔ ይቺን የሰማሁ ቀን ከኋላ ወንበር ብድግ ብዬ «የሠራሁት እኔ ነኝ!» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

ዛሬ ሰብለ ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ አንድ ነገር ነገረችኝ።

ያ እኔ ያጠበቅኩት ፊት ገና በሳምንቱ፣ አምፖሉ ሲያግለው መላወሻ አጥቶ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል። ጋሽ አስማረ ብሎኖቹ በጣት አልፈታ ሲሏቸው የማን ሥራ እንደሆነ ወዲያው ገብቷቸዋል። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላሉም። መብራቱን አዙረው ሰቀሉት፤ ደህናው ፊት ወደ ሞጣ፣ ስንጥቁ ወደ ደጀን። «ዘሙ የምትመጣው ከሞጣ ነው። ማናችሁም እንዳትነግሯት፤ ሥራዋን አይታ ደስ ይበላት» ብለው ቤተሰቡን አስማሉ።

ይኸው ስንት ዓመት ከሞጣ እመጣለሁ፣ ወደ ሞጣ እመለሳለሁ። አንድም ቀን በወዲያ በኩል ዞሬ አላየሁትም። ወላሂ አፈርኩ። እኔ ጥፋቴን አምኜ አላውቅም፣ ባሌን ጠይቁት። ዛሬ ግን በእናንተ ሁሉ ፊት አምናለሁ፤ የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው፣ በመስታወቱም በሌላውም።

ጋሽ አስማረ፣ ምነው አንዴ እንኳ ቢቆጡኝ? ስንቱን ቀን ቤትዎ ተቀምጬ ስለ ሙያዬ ጉራ ስነፋ፣ እርስዎ «እውነት ነው» እያሉ ያጎርሱኝ ነበር እኮ። እንዴት ቻሉት?

የተመኙትን ግን አይተው ነው የሄዱት። ከየትም የመጣ መንገደኛ ቢቸና መግባቱን በእርስዎ ያውቃል። ይህን ማንም አይወስድብዎትም።

ነገ ለቀብርዎ እመጣለሁ። ቤትዎን በመኪና አልፌ በደጀን በኩል እወርዳለሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ጥፋቴን እያየሁ፣ በእግሬ ደጅዎ እደርሳለሁ። ፈጣሪ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርዎት። ደህና ይሁኑ፣ አባቴ።