አየኸው ወይስ ሰማኸው?

ሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት ነው። ስልሳ አራት ዓመቴ ነበር። ማማ ላይ ሆኜ ማሽላዬን ከወፍ ስጠብቅ ሁለት ፖሊሶች መጡና «ፌስቡክ ላይ ወጥተሃል፤ ውረድ» አሉኝ። ከማማው በቀር የትም አልወጣሁም አልኳቸው። አልሳቁም።

ቆቦ ስንደርስ በስልክ አሳዩኝ። በገበያ ቀን ወጣቶቹ ለተቃውሞ ተሰልፈው ሳለ አንዱን ፖሊስ «ዱላህን አውርድ፤ እነዚህ ልጆች ወንድሞችህ ናቸው» ብየው ነበር። ማን እንደቀረጸኝ አላውቅም። እጄን እያወናጨፍኩ እጮሃለሁ። ድምፄ ያን ያህል እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር።

«ይኸ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ጋቢውም የኔ ነው።»

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፤ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ግን አልወጣም፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል። መስኮት የለውም። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ሲሄድ እያየን ነው ሰዓት የምንገምተው። በአንድ ጎኔ ግመል ሊሸጥ መጥቶ ከሰልፈኛው ጋር የታፈሰ አፋር አለ፤ በሌላው ጎኔ የጎብዬ ባጃጅ ነጂ። ልጁ ቅንድቡ ተፈንክቷል፤ ግን ቀልደኛ ነው።

በአራተኛው ቀን አንድ መምህር አስገቡ። ልጁን ሲያይ ደርቆ ቀረ።

«አንተ! ሞተሃል እኮ! ፎቶህን ከሻማ ጋር ለጥፈው አገር ያለቅስልሃል።»

«ስንት ላይክ አገኘሁ?» አለ ልጁ። ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ድንገት አቆመ። «እናቴስ?»

መምህሩ አቀረቀረ። «ድንኳን ጥላለች ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከሱ ሌላ ልጅ የላትም።

አፋሩ ተነስቶ ተቀመጠ። ቆላ ወርዶ የነገደ ሰው የአፋርን ዳጉ ያውቃል። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ወሬ ይለዋወጣል፤ ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገር ግዴታው ነው።

«መሞቱን አየኸው ወይስ ሰማኸው?» አለው መምህሩን።

«አነበብኩት።»

«የጻፈው ሰው አይቷል?»

«እንጃ። ማን እንደሆነም አይታወቅም። በፊቱ ፋንታ ያደረገው የአንበሳ ፎቶ ነው።»

«የእኛ አገር አንበሳ ግመል ይበላል እንጂ ወሬ አያወራም።»

መምህሩ ተቆጣ። «ፌስቡክ ባይኖር የእኛን መታሰር ማን ያውቅ ነበር? አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው በሱ ነው።»

«መቼ ክፉ ነው አልኩ? ሩቅ ይደርሳል፤ ጥሩ ነው። የሚያወራበት ሰው ግን ያየ ይሁን።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ሽማግሌ ነህ፤ ቀድመው ይለቁሃል። ልጁን ደኅና አድርገህ እየው።»

አየሁት። እስኪያፍር ድረስ አየሁት።

«አባባ፣ ሊገዙኝ ነው እንዴ?» አለኝ።

በሳምንቱ ተጠራሁ። መርማሪው ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። «በሰላም ተለቀቅሁ የሚል ነው። አውራ ጣትህን አምጣ።»

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀስ እላለሁ እንጂ አነባለሁ። ጣቴን ከየቃሉ ሥር እየጎተትኩ ጀመርኩ። ሰውዬው ሰዓቱን አየ፤ ሲጋራ ለኮሰ፤ ጨረሰ። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ «በቆይታዬ ማንንም እስረኛ አላየሁም» ይላል።

«አይቻለሁ እኮ» አልኩት።

«ለደንቡ ያህል ነው። ፈርምና ሂድ።»

«አልፈርምም።»

መለሱኝ። ልጁ ነደደ። «አባባ፣ ምን ነካዎ? ፈርመው አይወጡም? እናቴ እኮ እየሞተችብኝ ነው!»

«አላየሁም ብዬ ፈርሜ አየሁት ብላት፣ ወረቀቴን አውጥተው ቢለጥፉትስ? ሁለት ጊዜ ታለቅሳለች።»

ሁለት ቀን አላናገረኝም። እኔም ልክ መሆኔን እርግጠኛ አልነበርኩም።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠርቶኝ ያንኑ ወረቀት አወጣ። «ማንን ነው አየሁ የምትለው?»

«የጎብዬውን ባጃጅ ነጂ። እሱ እዚህ ተቀምጦ እናቱ ድንኳን ጥላለታለች።»

ብዕሩን አነሳና አራተኛውን መስመር ሰረዘው። «ደግመው ስልክ ላይ ከወጡ ግን ይመለሳሉ» አለኝ። አንቱ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። አውራ ጣቴን አልሰጠሁትም፤ ስሜን ጻፍኩ።

ያ ልጅ ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት። የልጅ ልጆቼ ስልክ ይዘው «አባባ፣ እንዲህ ተባለ» ሲሉኝ «ያለው ሰው አይቷል?» እላለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ግን አንዳንዴ ተመልሰው ሲያጣሩ አያቸዋለሁ።

የተፈታሁ ለት ቤቴ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት መኪና ስላልነበረ ጎብዬ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እናቱ ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች።

«ልጅሽ በሕይወት አለ» አልኳት።

«እርስዎም ሰምተው ነው?»

«ወላሂ በዓይኔ አይቸዋለሁ። ከጎኑ ነበርኩ። ቅንድቡ ተፈንክቷል፤ ግን ይቀልዳል።»

«ይቀልዳል?» አለች። ቀና ብላ አየችኝ።

ለቅሶ ወደተቀመጡት ወጣቶች ዞርኩ። «ስልካችሁን አውጡና ቅረጹኝ። ስትለጥፉት የኔው ፊት ይሁን፤ አንበሳ እንዳታደርጉበት።» ጋቢዬን አስተካከልኩ። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ መንደሬን ተናገርኩ። ከዚያ ያየሁትን።

ስጨርስ እናቱ ከኋላዬ የለችም። ወጥታ የድንኳኑን ገመድ ትፈታለች። ዱላዬን አስቀምጬ በወዲያኛው በኩል ያለውን ያዝኩላት።