ግማሽ ቆርቆሮ፣ ግማሽ ጓሳ

ዘመሮ ገበያ ላይ የተወራው እንዲህ ነው፤ ጥሩሸዋና ባሏ ወንድምአገኝ ተፋትተው ቤታቸውን ከነጣሪያው ተካፍለዋል፤ ቆርቆሮው የእሱ፣ የጓሳ ሣሩ የእሷ። ወሬው መሐል ሜዳ ከተማ ሲደርስ ቤቱ መሀል ላይ ግንብ ተሠራ፤ ዓለም ከተማ ሲደርስ ግንቡ ላይ ዘበኛ ቆመ። ግን የተፋቱ ሰዎች ጠዋት ጠዋት አንድ መንጋ አብረው ሲያሰማሩ ማን አይቷል?

ጣሪያው ግማሽ መሆኑስ እውነት ነው። አምና ጎረቤታቸው ጫኔ የጓሳ ክዳኑን ሙልጭ አድርጎ አፍርሶ ቤቱን በሙሉ ቆርቆሮ አለበሰ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ጋቢ ላይ የበግ ጠጉር ባና፣ ባና ላይ ጋቢ ደርቦ ይውላል፤ ቤቱ ውስጥ ያስነጠሰ ሰው በረዶ ይተፋል ይባላል። ጥሩሸዋ ይህን አይታ፣ «ግማሹን እሞክረዋለሁ፣ የዝናብ ውሃ ይሰበስብልኛል። ከምድጃው በላይ ያለውን ግን አልነካም፤ ምን በደለኝ?» አለች።

ጫኔ እንደ ስድብ ቆጠረው። በየጠላ ቤቱ፣ «ግማሽ ልብ ያላት ሴት ግማሽ ቤት ትሠራለች» ማለት ጀመረ። እሷም በአጥር ላይ፣ «አንተ ጫኔ፣ ሙሉው ልብህ አላሞቀህም እንዴ?» ትለዋለች። ጫኔም በብስጭት የፍቺውን ወሬ ፈጠረ።

ክፋቱ፣ ልጇ ትርሲት ለአቶ በኃይሉ ልጅ ታጭታለች። አቶ በኃይሉ ደግሞ ከፈረሰ ትዳር ሙሽራ አይወስዱም። ነገሩን ሊያጣሩ ሁለት ሽማግሎች አስከትለው መጡ፤ መንገድ መሪያቸው ጫኔ ራሱ ነበር።

በቆርቆሮው ወገን ተቀመጡ። አቶ በኃይሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ» ከማለታቸው በረዶ ወረደ። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለም። አንዱ ሽማግሌ እሳቸው መርቀው የጨረሱ መስሎት «አሜን» አለ። ጥሩሸዋ በእጇ ጠቁማ ወደ ጓሳው ወገን አሻገረቻቸው፤ እዚያ ሰው ከሰው ይሰማማል። ወንድምአገኝ እሳት ሲቆሰቁስ አገኙትና ቦታ ለቀቀላቸው።

ጫኔ ቀደመ። «እዚህ እሳት ዳር መቀመጡ ለእንግዳ ማሳያ ነው። የእሱ ማደሪያ በዚያ ወገን ነው፣ የእሷ በዚህ።»

አቶ በኃይሉ ወደ እሷ ዞሩ። «እመት ጥሩሸዋ፣ የልጆች ነገር ነውና አይደብቁን።»

«አልተፋታንም አቶ በኃይሉ» አለች። «ቤትም አልተካፈልንም። የምናድረው ሁለታችንም እዚሁ፣ አንድ መደብ ላይ ነው። ቆርቆሮው ለውሃ፣ ጓሳው ለሙቀት። ጫኔ ያወራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሐሰት ነው።» አቶ በኃይሉ መደቡን አዩ፣ ጫኔን አዩ፣ ከዚያም «እንግዲህ የሠርጉን ቀን እንቁረጥ» አሉ።