አልጎት በአሜሪካ መኪኖች ላይ የነበረው ክስ

አልጎት ስለ አሜሪካ መኪና አፉን ከከፈተ ዝናብ ካልመጣ በቀር አይዘጋም ይባል ነበር። በሰሜን አውሮፓ፣ በሲልያን ሐይቅ ዳር በምትገኘው በእኛ ትንሽ ከተማ ደግሞ ሰበብ አይጠፋለትም። የብርዱ ወራት አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ በየጎተራው ሸራ ለብሰው የከረሙት ግዙፍ የአሜሪካ መኪኖች ብቅ ብቅ ይላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቶቻቸው ክርናቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ሐይቁን ይዘው በእግረኛ ፍጥነት ይነዳሉ፤ አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ዞረው በመጡበት ይመለሳሉ። የሚሄዱበት አገር የላቸውም። አልጎትም ከአይስክሬም መሸጫው ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ ይፈርድባቸዋል።

«ይሄ መኪና ነው? ጎማ ያወጣ የሠርግ አዳራሽ ነው እንጂ» ይላል፣ አንዱ ረጅም ካዲላክ ሲያልፍ።

«አሜሪካ ሄደህ ታውቃለህ?» ይሉታል ሊያበሽቁት።

«ጨረቃም አልሄድኩም። አየር እንደሌላት ግን አውቃለሁ።»

ይሁንና አልጎትን ዝም ብሎ ለፍላፊ ነው ማለት ግፍ ነው። ነገሩን አስቦበታል። ሞተራቸውን አይነካም፤ እንዲያውም «ጉልበቱስ የእግዜር ነው» ይላል። ክሱ ሌላ ነው። በእሱ ሃይማኖት መኪና ማለት መንገዱን ለነጂው የሚነግር ነገር ነው። እጅህ ጠጠሩን፣ ወገብህ ኩርባውን ካላወቀ እየነዳህ አይደለም፤ እንደ ጆንያ ተጭነሃል። አሜሪካኖች አገራቸው ሰፊ፣ መንገዳቸው እንደ ክር የተዘረጋ፣ ስለዚህ መሪ የሚገጥሙት ለጌጥ ነው ባይ ነው። እኛ አውሮፓውያን ግን ጎረቤትም ተራራም አለብን፤ መታጠፍ አለብን። «ሰው መኪናውን የሚሠራው እንደ ኑሮው ነው» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ የሚስቁበትም ሰዎች ያዳምጡታል።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የገጠር ፖስተኛ ነበር። ቀን በቢጫዋ የፖስታ መኪና የዞረበትን የጫካ መንገድ፣ ከሥራ ሲወጣ በራሱ ትንሽ አልፋ ሮሜዮ መኪና እንደገና ይሄድበታል። አልፋዋን ገና ጎረምሳ ሳለ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ነው የገዛት። ከፋብሪካ የመጣችበትን ለስላሳ ሞላ «ለመነኩሴ ነው» ብሎ በገዛ እጁ አወለቀና ደንዳናውን አስገባ፤ ወደ መሬትም ዝቅ አደረጋት። ከዚያ በኋላ አልፋዋ ሳንቲም ላይ ብትወጣ በየትኛው ገጽ እንደተኛ ትነግርሃለች ይል ነበር።

በቀኝ በኩል የምትቀመጠው ሚስቱ ሲግኔ ናት። ሲግኔ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትሠራ የኖረች፣ ሳቋ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሴት ናት። ኩርባ ሲመጣ አልጎት፣ «ስሚያት! ይህችን ስሚያት!» ይላታል። እሷም በአንድ እጇ ከበሩ በላይ ያለችውን ማንጠልጠያ ጨብጣ፣ «ሰማኋት» ትላለች። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሄዱ።

ጎረቤታቸው ኬንታ ግን የወዲያኛው እምነት ተከታይ ነው። ብየዳ ሥራው ነው፤ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ የሆነች አሮጌ የአሜሪካ ቢዩክ አለችው። ርዝመቷ ከጋራዡ አልፎ ስለነበር የጋራዡን ግድግዳ አፍርሶ ጨመረላት። ሁለቱ በአጥሩ ላይ ሆነው ሳይሰዳደቡ የዋሉበት ቀን ካለ አንደኛው ታሟል ማለት ነው።

«ዛሬም ሚስትህን ሰርዲን ጣሳ ውስጥ ልታሽጋት ነው?»

«አንተስ፣ መሪውን ትናንት ያዞርከው ዛሬ ደረሰልህ?»

ሲግኔ ወጥ ቤት ሆና ትሰማቸዋለች። አንዳንዴም በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ኬንታ፣ ተወው በናትህ፤ ከተሸነፈ ራት አይበላም» ትላለች።

ከዚያ ሲግኔ ታመመች። ሕመሙ ሌላ ቦታ ጀምሮ አጥንቷ ውስጥ ገባ፤ አከርካሪዋን ያዘው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው የብርዱ ወራት ሲያበቃ ወደ ቤቷ ሸኟት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አላነሱትም።

አንድ ጠዋት ሲግኔ ትራሷን ተደግፋ፣ «በረዶው ሲሄድ ማየት እፈልጋለሁ» አለችው።

የቱን በረዶ ብሎ አልጠየቃትም። ከጫካው ማዶ የተወለደችበት ትንሽ ሐይቅ አለ። ልጅ ሆና፣ የሐይቁ በረዶ ተሰባብሮ በነፋስ የሚነዳበትን ቀን አባቷ ከሥራ ቀርቶ ቤተሰቡን ሁሉ ዳር ላይ ያስቀምጥ ነበር። ከገናም ከልደቷም ያን ቀን ትወድ ነበር። በረዶ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። አንድ ነፋሻ ቀን መጥቶ ይወስደዋል፤ ካመለጠ የሚመጣው ዓመት ነው። የሚመጣው ዓመት ደግሞ ለሲግኔ አልነበረም።

አልጎት አልፋዋን አስነሳ፤ ቤት ያለውን ትራስ ሁሉ ወንበሯ ላይ ደረደረላት። ችግሩ ሐይቁን የሚፈታው ሙቀት መንገዱንም የሚፈታው መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን ምድር ውስጥ የከረመው ውርጭ ሲለቅ አስፋልቱን ከስር እየገፋ እንደ እባጭ ያነሳዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ እንዳሉ የመጀመሪያው እባጭ ደረሰ። አልጎት እንደ እንቁላል ተሸካሚ ቀስ ብሎ ነበር የወጣበት። ሲግኔ አልጮኸችም። አንድ ትንሽ ድምፅ ብቻ አወጣች፤ አልጎት በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ። ማንጠልጠያውን የያዘችው እጅ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል።

«ልመለስ?»

ራሷን ነቅንቃ እሺ አለችው።

በዚያ ሳምንት አልጎት ያልሞከረው የለም። ከጎማዎቹ አየር ቀነሰ። የድሮውን ሞላ ፈለገ፤ ዱሮ ለሰው ሰጥቶት ሰውየውም ሞቷል። የሕመምተኛ ማመላለሻው ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ ሐይቅ አይሄድም። የእህቱን ልጅ አዲስ መኪና ተውሶ ብቻውን ሞከረው፤ እሱም ደረቅ ነው። የመኪና አከራዩ ያሳየውም ደረቅ ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባውና ከመሪው ጀርባ ሆኖ መራራ ሳቅ ሳቀ፦ ክርክሩን አሸንፏል። ዓለም በሙሉ እሱ ያለውን ሰምቶ መኪናን ሁሉ አደንድኖታል፤ ለሲግኔ የሚሆን አልቀረም።

ከአንዷ በቀር። እሷም ከአጥሩ ማዶ ነበረች።

ኬንታ ቢዩኳን ከጋራዥ የሚያወጣት፣ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የተበተነውን ጨው ዝናብ ጠርጎ ከወሰደው በኋላ ነው። ጨው ቆርቆሮ ይበላል። የአሜሪካ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ጥሩ ዝናብ እንደ በዓል ይጠብቃል። ዝናቡ ደግሞ ገና አልዘነበም። በዚያ ሰሞን ኬንታን ቢዩኩን መለመን ገበሬን የዘር እህሉን እንደ መለመን ነው። አልጎት ይህን ያውቃል። አጥሩን ዞሮ ሲገባ እግሩ ከብዶት ነበር።

ኬንታ መበየጃውን አጠፋ።

«ቢዩክህን ፈልጌ ነበር» አለ አልጎት።

«ልትሰድባት ከሆነ እዚያው ሆነህ ስደባት፤ ትሰማሃለች።»

«ሲግኔን ሐይቁ ጋ ልወስዳት ነው። በእኔዋ አልሆነም።»

ኬንታ ሰርዲን ጣሳዋ ምን ነካት ሊል ጀምሮ ነበር። የአልጎትን ፊት አየና ዋጠው። ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጨው አለ፣ መንገዱ ላይ።» ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር።

«አውቃለሁ። ስመለስ ከስሯ ተኝቼ አጥባታለሁ።»

«አንተ? ከቢዩክ ስር?»

«እኔ።»

ኬንታ ሸራውን ገፈፈ። ቁልፉን ሲሰጠው ለቅጽበት ይዞት ቆየ። «አንተው ንዳት። እኔ ከመጣሁ ዝም ማለት አልችልም፤ እሷ ዝምታ ነው የሚያስፈልጋት። ደግሞ ስማ፣ ሽማግሌው፣ አትታገላት። ፍሬን መያዝ ከፈለግህ ቀደም ብለህ አስብ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አልጎት ይህን ምክር ለዓመት ያህል ይቀልድበት ነበር። «እሺ» ብቻ አለ።

የቢዩክ የፊት ወንበር ከበር እስከ በር አንድ ወጥ ነው፤ በመሀል ማርሽ የለም። ሲግኔ ብርድ ልብሷን እንደለበሰች ወደ መሀል ተጠጋችና ትከሻው ላይ ተደገፈች። አልጎት ቤተ ክርስቲያኑን ሲያልፍ ትንፋሹን ያዘ። እባጩ መጣ። ረጅሙ የመኪናው አፍንጫ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሌላው መጣ፤ እንደዚያው። አልጎት እጁ ላይ ምንም አልተሰማውም። መንገዱ ጠፍቶበታል። ይህ ነበር ዕድሜ ልኩን የከሰሰው ወንጀል፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ያልተሰማው ጉድጓድ ለሲግኔ ያልደረሰ ጉድጓድ መሆኑን አሰበ።

ጫካው መሀል ሲደርሱ ትከሻው ላይ ያለው ራስ ከበደው። ደንግጦ አያት። እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አልጋዋ ላይ ያጣችው እንቅልፍ አፏን ከፈት አስደርጎ ወስዷታል። አልጎት በየሰዉ ፊት፣ «ሲግኔ በእኔ መኪና አንድ ቀን አሸልባ አታውቅም፤ መኪና ማለት ይኼ ነው!» እያለ ይኮራ ነበር። አሁን ገና ለምን እንዳላሸለበች ገባው። በአርባ ዓመት ውስጥ ስለ መኪና ያለው ሐሳብ ሁሉ ከግራው ወንበር የተነሳ ነበር። በቀኙ ስለተቀመጠው ሰው አንድ ቃል እንኳ አስቦ አያውቅም። አፈረ፤ ከዚህ ሌላ ቃል የለውም።

ሐይቁ ጋ ሲደርሱ በረዶው ገና አልሄደም። ግን ጠቁሯል፤ ከዳሩ ለቋል። ቆመው ብዙም ሳይቆዩ ከሰሜን ነፋስ ተነሳና ያ ሁሉ የበረዶ ገበታ መንቀሳቀስ ጀመረ። እየተሰበረ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየወጣ፣ ሳህን የሚታጠብበት ወጥ ቤት የመሰለ ድምፅ አሰማ። ሲግኔ ነቅታ መስኮቱን እንዲያወርድላት ጠየቀችው። ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ አዳመጠች። ከመኪናው አልወረዱም።

ዳሩ ላይ ጥቁር ውሃ ብቻ ሲቀር አልጎት፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ምኑን?»

«አልፋዋ እንደምታንገላታሽ። ያኔ፣ ደህና ሳለሽም።»

«ነግሬህ ነበር እኮ። ኖርዌይ ስንሄድ።»

«እኔ አላስታውስም።»

«‹አልጎት፣ ይሄ ሞላ ደረቅ ነው› ስልህ፣ ‹አይደል!› ብለህ በደስታ መሪውን መታኸው።» ሳቋ እንደ ልማዷ ቀስ ብሎ መጣ። «እንደዚያ ደስ ያለውን ሰው ምን ልበለው?»

አልጎት ሊስቅ ፈልጎ እንባው ቀደመው። እጁን ይዛ ጠበቀችው፤ አልከለከለችውም።

ሲመለሱ፣ የጫካውን መንገድ እንደያዙ፣ ከዚያ በፊት ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቃት። «አነዳዴ እንዴት ነው?»

«ትንሽ ቀስ ብትልልኝ።»

ቀስ አለ። ከኋላ ግንድ የጫነ ትልቅ መኪና ደረሰና መብራቱን አበራ። በዚያ መንገድ አልጎትን የቀደመ ሰው አልነበረም። ወደ ዳር ወጥቶ አሳለፈው፤ የጭቃው ፍንጣቂ እስኪያበቃ ጠብቆም ጉዞውን ቀጠለ። ሲግኔ እንደገና አሸለበች።

ኬንታ ከበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ቢዩኳ እስከ መስኮቷ ጭቃ ለብሳ በቀስታ ስትመጣ አየ። አልጎት ቤቱን አየ፤ ትከሻው ላይ ያለውን ራስም አየ። ቢቆም ትነቃለች። መሪውን ሳያዞር፣ መንገዱ የሚወስደው ድረስ ይውሰደው ብሎ፣ ቤታቸውን አልፎ ሄደ። ኬንታ ሊጠራው አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሲግኔ እንደተኛች አየና እጁን ብቻ አነሳ።