በሁዳዴ ላስርባቸው ያልኳቸው ኢንዛይሞች

ሞኝነቴን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በሁዳዴ ጾም፣ የገዛ ሳንባዬን የሚበሉትን ኢንዛይሞች በረሃብ ልጨርሳቸው ተነሥቼ ነበር። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፣ አራዳ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ፣ ልጆች ድሬአለሁ። እንግዲህ ይሄ ትልቅ ሰው ነው እንዲህ ያሰበው።

ነገሩ በሳል ጀመረ። ዓመቱን ሙሉ ስስል ምክር ያልሰጠኝ ሰው የለም። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በማር ይላል፣ አንዱ ዳማከሴ ይላል፣ አንዷ ደግሞ አንገትህን ጠቅልል ትላለች። ሁሉንም አደረኩ፤ ነጭ ሽንኩርት እየሸተትኩ፣ አንገቴን ጠቅልዬ ሳልኩ። በመጨረሻ ሚስቴ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሟ የትልቋ ልጄ እኩያ ናት። "ጋሼ፣ አስም ነው" አለችኝ። "የዱቄቱ ብናኝ የአየር ቧንቧዎን ያስቆጣዋል። ሰውነትዎ ሊከላከል ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል፣ እነሱም ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይለቃሉ። ብናኙ በየቀኑ ሲመጣ ኢንዛይሞቹ ይበዙና የቧንቧውን ግድግዳ ራሱን ይበሉታል። ያብጣል፣ ይጠባል።" ጠዋትና ማታ በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችኝ።

መድኃኒቱ ሸጋ ነበር፣ ሳሉ ጋብ አለ። ከዚያ ጾም ገባና እኔ ማሰብ ጀመርኩ፤ ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው። ፕሮቲን ከሆነ ምግባቸው፣ ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ ሲቀር ምን ሊበሉ ነው? እስከ ፋሲካ አንድም አይተርፍም! መድኃኒቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ዝም ብልም ደግ፤ ለደንበኛ ሁሉ አወራሁ።

አንድ ቀን ከድብ ባሕር ገጠር እህል ይዞ የመጣ ገበሬ ጆሮውን ቀሰረና "አያ፣ ምነው ወፍጮህ ሳይነሣ ያፏጫል?" አለኝ።

"ወፍጮው አይደለም" አልኩት፣ "ደረቴ ነው።"

እሱ ደነገጠ፣ እኔ ሳቅሁ። ኢንዛይሞቹ እየሞቱ ነው የሚያፏጩት ብዬ!

የደብረ ዘይት ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዳገቱ መሐል አየር አለቀብኝ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፤ "እግዚኦ" ለማለት እንኳ ትንፋሽ የለም። ሚስቴ ነጠላዋን ጥላ እየጮኸች ባጃጅ አስቆመች።

ሐኪም ቤት ጭንብል አፌ ላይ አድርገው አየር መለሱልኝ። ሐኪሟ "መድኃኒቱን ለምን አቆሙ?" አለች። ነገርኳት። ሐኪሟ አፏን ሳትከፍት ሚስቴ ቀደመቻት።

"አንተ ሰውዬ! ቀን ሽሮ ትፈጫለህ፣ ማታ ሽሮ ትበላለህ። እስቲ ዶክተር ንገሪው፣ ሽሮ ምንድን ነው?"

"ፕሮቲን ነው" አለች ሐኪሟ፣ ሳቋን እየዋጠች። ከዚያ ኮስተር አለች። "ሽሮውን ቢተዉትም ለውጥ የለም፣ ጋሼ። እነሱ የሚበሉት ከሳህንዎ አይደለም፣ ከራስዎ ነው። ዛሬ ትንሽ ዘግይተው ቢሆን አላገኝዎትም ነበር።"

እዚህ ላይ ቀልዴ ሁሉ ጠፋ።

በሳምንቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። የእግዚአብሔርን ጾም ለአስም ማዋሌን፣ ሰው ፊት መፎከሬን ተናዘዝኩና "አባቴ፣ ቀኖና ይስጡኝ" አልኳቸው።

አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ።

"ስግደት አልሰጥህም፣ እዚሁ ትወድቅብኛለህ" አሉኝ። "ቀኖናህ ያንን መድኃኒት ጠዋትና ማታ መሳብ ነው። ፋሲካ ደረሰ ብለህም እንዳትፈስክ።"